ፈትሉ ሲደርቅ
በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽቦ ላይ ፈሳሽ ስለማንጠብጠብና ስለ መሣሪያው አያያዝ

መግቢያ

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በወጣቶች አነጋገር «ቬፕ»፣ በአገራችን ሽያጩ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ተማሪዎቻችን አያውቁትም ማለት አይቻልም። በስልክ ላይ በሚመለከቱት ፊልም ወይም ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ያዩታል። አይተውም ዝም አይሉም። «ይህ እኮ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ብለው መምህራቸውን ይጠይቃሉ። «መጥፎ ነገር ነው፤ አትንኩት» ብሎ ማለፍ ለመምህሩ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መልስ ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከመሣሪያው አጠቃቀም ዘዴዎች አንዱን፣ ይኸውም ፈሳሹን በሚግለው ሽቦ ላይ በቀጥታ እያንጠባጠቡ መሳብን ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የኦም ሕግ፣ ፈሳሽ በፈትል ውስጥ የሚሳብበት ጠባይ፣ ትነት፣ የውህዶች በሙቀት መፈራረስ፣ እነዚህ ሁሉ በክፍል ውስጥ የምናስተምራቸው ነገሮች አውራ ጣት በምታህል ዕቃ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። የተማሪውም ጥያቄ ትክክለኛ መልሱን የሚያገኘው ከዚያው ነው። ዓመቶቹ ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

የመሣሪያው አመጣጥ

ትንባሆ ሳይነድ የሲጋራን ጣዕም ለመስጠት የታሰበ መሣሪያ ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ በ1963 ለፈጠራ መብት አቅርቦ በ1965 አስመዝግቧል። መሣሪያው ግን ለገበያ ሳይውል ቀረ። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የተገኘው በ2003 ሲሆን፣ የሠራውም ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። በመጀመሪያ ፈሳሹን ወደ ጉም ለመለወጥ የተጠቀመው ከጆሮ መስማት በላይ በሆነ የድምፅ ንዝረት ነበር። ኋላ ግን በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ ቦታውን ያዘ።

አካላቱና ሥራቸው

የመሣሪያው ዋና ዋና ክፍሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባትሪው ነው። ሁለተኛው ፈሳሹን ወደ ጉም የሚለውጠው ክፍል ሲሆን አቶማይዘር ይባላል። ለማንጠብጠብ የተሠራ አቶማይዘር ሲከፈት የሚከተሉት ይታያሉ፦

ሀ) ፈሳሽ የሚያርፍበት የብረት ወለልና በወለሉ ላይ የቆሙ፣ ሽቦውን በብሎን የሚይዙ ትንንሽ ምሰሶዎች፤

ለ) በምሰሶዎቹ መካከል የተዘረጋ ጥምዝ ሽቦ። ሽቦው ብዙውን ጊዜ ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም፣ ወይም ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ ይሠራል። በየቤቱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ውስጥ ተጠምዝዞ የምናገኘው ሽቦ የዚሁ ዓይነት ቅይጥ ነው፤

ሐ) በጥምዙ መካከል የሚያልፍ የጥጥ ፈትል፤

መ) አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ክዳንና የአፍ መሳቢያ።

በተለመደው አሠራር ከአቶማይዘሩ ጋር የተያያዘ ማጠራቀሚያ ስላለ ፈትሉ ፈሳሹን ከዚያ ራሱ ይስባል። በማንጠብጠብ ዘዴ ግን ማጠራቀሚያ የለም። ተጠቃሚው ክዳኑን አንሥቶ ወይም በአፍ መሳቢያው በኩል ጥቂት ጠብታዎች በጥጡ ላይ ያፈሳል። ጥቂት ጊዜ ይስብና እንደገና ያንጠባጥባል። የማጠራቀሚያው ሥራ ወደ ሰው እጅ ተዛወረ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምናነሣው ጉዳይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ፈሳሹ ምንድን ነው?

ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። በዚህ ላይ የጣዕም ቅመሞችና፣ በብዙዎቹ ውስጥ፣ ኒኮቲን ይጨመራሉ። ግሊሰሪን ለቆዳ ማለስለሻ ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ያው ወፍራም ፈሳሽ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የግሊሰሪን ዝልግልግነት ከውሃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በፈትል ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው። ወፍራም ጉም የሚሰጠውም እርሱ ስለሆነ፣ ትልቅ ጉም ማውጣት የሚወዱ ሰዎች ግሊሰሪን የበዛበትን ይመርጣሉ።

ከአፍ የሚወጣው ነጭ ነገር በትክክለኛ አነጋገር እንፋሎት አይደለም። እንፋሎት ለዓይን አይታይም። የሚታየው የተነነው ፈሳሽ ቀዝቅዞ ወደ ረቂቅ ጠብታዎች ሲመለስ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ጧት ከአፋችን የሚወጣው ትንፋሽ ነጭ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ የጧቱ ጉም ውሃ ሲሆን የመሣሪያው ጉም ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ቅመምና ኒኮቲን መሆኑ ነው። «እንፋሎት ብቻ ነው» የሚለው አባባል የመጀመሪያው ስሕተት እዚህ ላይ ነው።

እርጥብ ፈትልና ደረቅ ፈትል

ሁለተኛው ስሕተት ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ለመረዳት ኩራዝን እናስታውስ። በኩራዙ ውስጥ ላምባ እስካለ ድረስ የሚነደው ላምባው ነው፤ ፈትሉ ብዙ ሳይጎዳ ያመሻል። ላምባው ሲያልቅ ግን ነበልባሉ ወደ ፈትሉ ይዞራል። ፈትሉ ይከስላል፤ ቤቱም በመጥፎ ሽታ ይሞላል።

ምክንያቱን በክፍል ውስጥ በቀላል ሙከራ ማሳየት ይቻላል። ከወፍራም ወረቀት ትንሽ ሣጥን ሠርተን ግማሹን ውሃ እንሙላና በሻማ ነበልባል ላይ እንያዘው። ነበልባሉ ውሃው ካለበት ከፍታ በላይ ያለውን ወረቀት እንዳይነካ እንጠንቀቅ። ውሃው ይፈላል፤ ወረቀቱ ግን አይነድም። ወረቀት ለመንደድ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ያስፈልገዋል። ውሃው ግን በባሕር ወለል 100፣ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ የሚመጣውን ሙቀት ሁሉ ለመትነን ያውለዋል። ወረቀቱም ከዚያ ብዙ ሊልቅ አይችልም። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ግን የሙቀቱ ወሰን ይነሣል፤ ወረቀቱም ወዲያው ይነዳል። (ሙከራው በመምህሩ ፊት ብቻ፣ ውሃ በባልዲ ተዘጋጅቶ ይደረግ።)

በአቶማይዘር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188፣ ግሊሰሪን በ290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ። ጥጡ በደንብ የራሰ እንደሆነ ፈሳሹ እየተነነ የሽቦውን ሙቀት በነዚህ ቁጥሮች አካባቢ ይገድበዋል። ጥጡ ሲደርቅ ግን ከባትሪው የሚመጣው ኃይል ሳይቀንስ የሚወስደው ፈሳሽ ያንሳል። የሽቦው ሙቀት ወደ ላይ ይተኮሳል። ሽቦው በጨለማ ቀልቶ የሚታይ ከሆነ ከ500 ዲግሪ በላይ ደርሷል ማለት ነው።

የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ጥቂት ስለሆነ ይህ ሁኔታ በተደጋጋሚ ይደርሳል። አስቀድሞ የሚደርቀው ከሽቦው ጋር የተጠጋው የጥጥ ክፍል ነው። ጫፎቹ ገና እርጥብ ሳሉ መሐሉ ይቃጠላል። ተጠቃሚው ይህን የሚያውቅበት ቴርሞሜትር የለውም፤ ያለው ምላሱና ጉሮሮው ብቻ ነው። የመቃጠል ጣዕም ሲሰማው «ደርቋል» ብሎ ያንጠባጥባል። ነገር ግን ምልክቱ የደረሰው የተቃጠለውን ነገር ወደ ሳንባው ካስገባ በኋላ ነው።

በከፍተኛ ሙቀት የሚፈጠሩ ነገሮች

ትነት ፊዚካዊ ለውጥ ነው፤ የተነነው ግሊሰሪን ሲቀዘቅዝ መልሶ ግሊሰሪን ይሆናል። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ለውጡ ኬሚካዊ ይሆናል። ከአንድ የግሊሰሪን ሞለኪውል ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ሲወጡ አክሮሊን የተባለ ውህድ ይቀራል። በመጥበሻ ላይ ዘይት ሲያር ዓይን የሚያስነባውና ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ አክሮሊን አለበት። ከሁለቱም ፈሳሾች መፈራረስ ደግሞ ፎርማልዴሃይድ ይገኛል። የባዮሎጂ መምህራን ይህን ነገር በሌላ ስሙ በሚገባ ያውቁታል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ሳይበሰብሱ የሚቀመጡበት ፎርማሊን በውሃ የተበጠበጠ ፎርማልዴሃይድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ክፍል መድቦታል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማንጠብጠብን ዘዴ በመሣሪያ ለክተው ውጤቱን በ2016 አሳትመዋል። በአንዱ ማንጠብጠብና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሽቦው ሙቀትና የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ እየጨመረ መሄዱን አሳይተዋል። የፈትሉ መድረቅ ዋጋው ይህ ነው።

ዘዴው የአዋቂዎች መዝናኛ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በ8 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት አድርገው በ2017 አሳትመውታል። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሞክረው ከነበሩት 1,080 ተማሪዎች መካከል 26.1 በመቶው አንጠባጥበው ያውቃሉ። ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ 63.5 በመቶዎቹ ጉሙ እንዲወፍርላቸው፣ 38.7 በመቶዎቹ ጣዕሙ እንዲሻላቸው፣ 27.7 በመቶዎቹ ጉሮሮን ጠንከር አድርጎ እንዲነካቸው መሆኑን ገልጸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ጉሙ፣ ማለት ለዓይን የሚታየው ነገር መሆኑን እናስተውል። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት በብዛት የተለመደ ቢሆንም፣ የሽቦውና የፈትሉ ሕግ በዚያም ውስጥ ያው ነው።

የኤሌክትሪኩ በኩል

ወፍራም ጉም የሚፈልግ ሰው ኃይል ይጨምራል። ኃይል የሚጨመረውም ብዙ ጊዜ የሽቦውን ሬዚስታንስ በመቀነስ ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ አንድ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት ይሰጣል እንበል። በኦም ሕግ መሠረት ፍሰቱ ቮልቴጅ ሲካፈል ለሬዚስታንስ ነው፤ ኃይሉም ቮልቴጅ ሲባዛ በፍሰቱ ነው። እንግዲህ፦

ሬዚስታንሱ 1.5 ኦም ሲሆን ፍሰቱ 2.8 አምፔር፣ ኃይሉ 11.76 ዋት፤
ሬዚስታንሱ 0.5 ኦም ሲሆን ፍሰቱ 8.4 አምፔር፣ ኃይሉ 35.28 ዋት፤
ሬዚስታንሱ 0.2 ኦም ሲሆን ፍሰቱ 21 አምፔር፣ ኃይሉ 88.2 ዋት ይሆናል።

ባትሪው በደህና ሊሰጥ የሚችለው 20 አምፔር ከሆነ በሦስተኛው ስሌት ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል ማለት ነው። ፍሰቱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክ ክፍል የሌላቸው መሣሪያዎች ስላሉ፣ በእነዚህ ላይ ጠባቂው የተጠቃሚው ስሌት ብቻ ነው። ሽቦው ክዳኑን ቢነካ ወይም የምሰሶው መለያ ቢቀልጥ፣ በተለምዶ «ኮንታክት» የምንለው ይደርሳል። ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ባትሪውም በፍጥነት ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥገናና ጽዳት

አንጠባጣቢ አቶማይዘር በየጊዜው ካልተጠገነ አይሠራም። የሚደረገውን ከነምክንያቱ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ሀ) ፈትሉን መለወጥ። ነጩ ጥጥ ሲጠቁር የከሰለና ከስኳር መሰል ማጣፈጫዎች የተረፈ ዝቃጭ ተከማችቶበታል ማለት ነው። እነዚህ ማጣፈጫዎች እንደ ግሊሰሪን አይተንኑም፤ በሽቦው ላይ ያራሉ። ጥጡ ሲገባም መጠኑ ወሳኝ ነው። ከጠበበ ፈሳሹ አያልፍም፤ ከላላ ሽቦውን በሚገባ አይነካም። በሁለቱም መንገድ ደረቅ ቦታ ይፈጠራል።

ለ) ሽቦውን ማጽዳት። በሽቦው ላይ የጋገረው ጥቁር ነገር ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ በእኩል እንዳይደርስ ይከለክላል። ተጠቃሚዎች ጥጡን አውጥተው ሽቦውን ለአጭር ጊዜ አግለው፣ ካቀዘቀዙት በኋላ በብሩሽና በውሃ ያጸዱታል። ሆኖም ሽቦ በተደጋጋሚ ሲግል የላይኛው ገጹ ይጎዳል። ስለዚህ ያረጀ ሽቦ ከመታጠብ ይልቅ መለወጥ አለበት።

ሐ) ሬዚስታንስን መለካት። ሽቦ በተለወጠ ቁጥር በኦም መለኪያ ይፈተሻል። ብሎኖቹ ከላሉ ቁጥሩ ይዋዥቃል። የጥምዙ ዙሮች እኩል ካልሆኑም አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይግላል።

መ) ባትሪውን መጠበቅ። የውጭ ሽፋኑ የተቀደደ ባትሪ አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም። ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ ከተቀመጠም ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኛቸው ይችላል።

ሠ) ፈሳሹን ማራቅ። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል። ክዳን ከፍቶ ማንጠብጠብ ደግሞ ጣትን ማርጠቡ አይቀርም። የፍራፍሬ ሽታ ያለው ጠርሙስ ለሕፃን ከጣፋጭ አይለይም። አሜሪካ በ2016 የእነዚህ ጠርሙሶች ክዳን ሕፃን የማይከፍተው እንዲሆን በሕግ ያዘዘችው ስለዚህ ነው።

ጽዳት የማያስወግደው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። ጥሩ ጥገና የመቃጠሉን ጣዕም ያስቀራል፤ አክሮሊንና ፎርማልዴሃይድንም ይቀንሳል። ኒኮቲኑን ግን አይቀንስም። ኒኮቲን በተለይ ገና በማደግ ላይ ያለን የወጣት አእምሮ በሱስ የሚይዝ ነገር ነው። ብረቱም አለ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት የ56 ተጠቃሚዎችን መሣሪያዎች መርምረው በብዙዎቹ ጉም ውስጥ ክሮሚየም፣ ኒኬልና እርሳስ አግኝተዋል። ብረቱ የሚመጣው ፈሳሹ ከሚግለው ሽቦ ጋር ሲገናኝ መሆኑን ጠቁመዋል። ሽቦው ንጹሕ መሆኑ ሽቦ መሆኑን አያስቀረውም።

በሌላው በኩል እውነቱን አጉድሎ መናገር ለመምህር አይገባም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ዘገባ፣ ሲጋራ የሚያጨስ አዋቂ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቢዛወር የሚደርስበት መርዛም ነገር እንደሚቀንስ አስታውቀዋል። ምክንያቱም የሚነድ ትንባሆ የለም። በዚያው ዘገባ ግን መሣሪያውን የሚጠቀሙ ወጣቶች ወደ ተራው ሲጋራ የመሄዳቸው ዕድል እንደሚጨምር ተገልጿል። እንግዲህ ለአጫሹ አዋቂ «ካለፈው ይሻላል» ሊባል የሚችለው ነገር ለማያጨስ ተማሪ ከንጹሕ አየር ጋር ነው የሚወዳደረው። በዚህ ውድድር አሸናፊው ማን እንደሆነ ተማሪው ራሱ ይፍረድ።

የአገራችንም ሕግ የታወቀ ነው። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትና መሸጥ ከልክሏል። የትንባሆ ውጤቶችንም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ አይፈቀድም።

ለመምህራን

መሣሪያውን ወደ ክፍል ማምጣት አያስፈልግም፤ አይገባምም። የወረቀት ሣጥኑ ሙከራ፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ ብልቃጥ ግሊሰሪንና ጥቂት የጥጥ ፈትል ለትምህርቱ ይበቃሉ። ተማሪው «እንፋሎት ብቻ ነው» ሲል ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቀው፤ የምን እንፋሎት? በስንት ዲግሪ? ሙቀቱንስ ማን ለካው? በማንጠብጠብ ዘዴ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የለም። ሙቀቱን የሚለካ የለምና። ይህን በራሱ አስቦ የደረሰበት ተማሪ፣ ጓደኛው መሣሪያውን ሲያቀብለው ከመምህሩ ቁጣ የበለጠ የሚጠብቀው ዕውቀት ይዟል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ተመሳሳይ ቁራጭ የጥጥ ፈትሎች አንዱን በውሃ፣ ሌላውን በግሊሰሪን ውስጥ ጫፋቸውን ነክራችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ፈሳሹ ምን ያህል ሴንቲሜትር እንደወጣ ለኩ። ውጤቱ ስለ ፈትል መድረቅ ምን ያስተምራል?

2. የባትሪው ቮልቴጅ 3.7፣ የሽቦው ሬዚስታንስ 0.4 ኦም ቢሆን ፍሰቱና ኃይሉ ስንት ይሆናሉ?

3. ውሃ ያለበት የወረቀት ሣጥን በነበልባል ላይ ሳይነድ የሚቆየው ለምንድን ነው? ከውሃ ይልቅ በ290 ዲግሪ የሚፈላው ግሊሰሪን ቢሆንበት ወረቀቱ ምን ይሆናል? (ይህን በሐሳብ ብቻ መልሱ፤ በተግባር አትሞክሩት።)

4. ትነትና በሙቀት መፈራረስ የሚለያዩት በምንድን ነው? ከወጥ ቤታችሁ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ምሳሌ ስጡ።